ግሉኮሱ አይደለም የሚያስከፍላችሁ፣ ሰዓቱ ነው

አገር ቤት በደም ስር የሚንጠለጠል ነገር ሁሉ «ግሉኮስ» ነው። ከረጢቱ ውስጥ ስኳር ይኑር፣ ጨው ይኑር፣ አንቲባዮቲክ ይኑር ለውጥ የለውም፣ ግሉኮስ ነው። «ኧረ እሷማ ግሉኮስ ተሰክቶላታል» ከተባለ ነገሩ የምር ነው፣ ዘመድ ብርቱካኑን አንጠልጥሎ ይመጣል። አሜሪካ ስንመጣ ቃሉንም ይዘነው መጣን። ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም አሌክሳንድሪያ ካለ ሰው ጋር ስለ ኢመርጀንሲ ካወራችሁ «ሁለት ሰዓት ግሉኮስ ሰክተውልኝ ይህን ሁሉ ቢል ላኩልኝ» የሚል አታጡም።

ሰውየው ሳያውቀው ዋናውን ነገር ተናግሯል። «ሁለት ሰዓት» ብሏላ። ቢሉ ያለው እዚያ ላይ ነው።

አገር ቤት ብዙ ቦታ ሐኪሙ ወረቀት ይጽፍና ቤተሰብ ፋርማሲ ሮጦ ከረጢቱን፣ ደም ስር ውስጥ የምትሰካዋን ካኑላ፣ ቱቦውን፣ አንዳንዴ ጓንቱን ሳይቀር ገዝቶ ያመጣል። ያደክማል፣ ያናድዳልም፣ ግን ምን በስንት እንደተገዛ የገዛው ሰው ያውቃል። አሜሪካ ውስጥ ማንም ምንም ገዝቶ አያመጣም። ጣሪያ እያያችሁ ተኝታችሁ ሁሉም ነገር ይመጣል፣ ዋጋው ደግሞ ከሳምንታት በኋላ በፖስታ ይከተላል። ፖስታው ሲከፈት ሁሉም ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው የውሃውን ዋጋ ነው። ኖርማል ሳላይን እኮ ውሃና ጨው ነው፣ በሊትር 9 ግራም ጨው፣ በቃ። ሆስፒታሉም ከረጢቱን በጥቂት ዶላር ነው የሚገዛው። ስለዚህ ሰው ከረጢቱ ላይ ይጮሃል፣ ትልቁ ገንዘብ ግን ብዙ ጊዜ ከረጢቱ አጠገብ ባለው መስመር ተቀምጧል፦ ፈሳሹን ወይም መድኃኒቱን ለመስጠቱ የሚከፈለው።

ያ መስመር ባለ አምስት አሃዝ ኮድ አለው። ኮዱ ሲፒቲ ይባላል፣ ባለቤቱ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር ነው፣ ከ1966 ጀምሮ ያሳትመዋል። መድኃኒቱ ራሱ ደግሞ ሌላ ኮድ አለው፣ ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛው ፊደል ጄ (J) የሚጀምር። ስለዚህ አንድ መርፌ ሁለት መስመር ላይ ይወጣል፣ አንዱ ለመድኃኒቱ፣ አንዱ ለመስጠቱ። «ሁለቴ አስከፈሉኝ» ብሎ በዚህ የሚቆጣ ሰው ብዙ ነው። በዚህኛው አትቆጡ፣ አሠራሩ እንደዚያ ነው። በሌላ የምትቆጡበት ይመጣል።

አሁን ወደ ሰዓቱ። ፈሳሽ ብቻ ከተሰጣችሁ፣ ማለትም ውሃ ከሰውነታችሁ አልቆ ለመተካት፣ ኮዱ 96360 ነው። ይህ ኮድ የሚሠራው ፈሳሹ ቢያንስ 31 ደቂቃ ከሄደ ነው። 30 ደቂቃ ሄዶ ቢቆም ለመስጠቱ የሚከፈል ነገር የለም። ከመጀመሪያው ሰዓት በኋላ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ሰዓት 96361 ይመጣል፣ እሱም ከ30 ደቂቃ በላይ ካለፈ ብቻ። መድኃኒት በከረጢት ሲንጠባጠብ 96365 ነው፣ ለዚህ 16 ደቂቃ ይበቃል። 15 ደቂቃ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ እንደ ማንጠባጠብ አይቆጠርም። በሲሪንጅ በደም ስር እንደተገፋ መርፌ ይቆጠርና 96374 ይሆናል፣ ከረጢት ውስጥ ቢሆንም እንኳ። አንድ ደቂቃ ኮዱን ይቀይረዋል፣ ኮዱ ደግሞ ዋጋውን።

በምሳሌ እንየው። አንዲት ሴት ስታስመልስ ውላ ማታ ኢመርጀንሲ ገባች እንበል። የሆስፒታል መዝገብ በ24 ሰዓት ነው የሚጻፈው፣ 21:10 ማለት በእኛ ማታ 3 ሰዓት ከ10 ነው፣ ይህን ያዙልኝ፣ መዝገባችሁን ስታዩ ግራ እንዳይገባችሁ። 21:10 ላይ የማስመለስ ማስታገሻ፣ ዞፍራን የሚባለው፣ በደም ስሯ ተሰጣት። 21:20 ላይ ለሆድ ቁርጠቷ ቶራዶል። 21:25 ላይ አንድ ሊትር ሳላይን ተንጠለጠለ፣ 22:50 ላይ አለቀ። 85 ደቂቃ።

ሆስፒታሉ ይህን እንዴት ይቆጥራል? ሰው የሚገምተው ትልቁ ከረጢት ዋናው ነው ብሎ ነው። አይደለም። የሆስፒታል ኮድ ደረጃ አለው፦ ከላይ ኬሞቴራፒ፣ ከሱ ሥር ሌሎች መድኃኒቶች፣ ከሁሉ በታች ፈሳሽ። በየደረጃው ደግሞ መንጠባጠቡ ይቀድማል፣ ቀጥሎ በደም ስር የሚገፋው፣ ከዚያ በጡንቻ ወይም ከቆዳ ሥር የሚወጋው። እዚህ በከረጢት የተንጠባጠበ መድኃኒት የለም፣ ስለዚህ ዋናው ዞፍራኗ ናት፣ 96374። ቶራዶል ሁለተኛ አዲስ መድኃኒት ነውና 96375። ያ ትልቅ ከረጢት ጭራ ሆኖ ይመጣል፣ 96361፣ አንድ ጊዜ ብቻ። የመጀመሪያው ሰዓት ቢሆንም «የመጀመሪያ» የሚለውን ኮድ አያገኝም፣ ምክንያቱም ቦታው በዞፍራን ተይዟል።

አሁን ከረጢቱ 22:50 ሳይሆን 22:56 ላይ አለቀ እንበል። 91 ደቂቃ ሆነ። 96361 ሁለት ጊዜ ይቆጠራል። ለስድስት ደቂቃ አንድ ተጨማሪ ክፍያ። ከረጢቱ ባዶውን ተንጠልጥሎ ነርሷ ሌላ በሽተኛ ጋ ተጠምዳ 23:20 ላይ መጥታ ብትነቅለውስ? መቆጠር ያለበት ፈሳሹ የሄደበት ጊዜ ነው፣ ባዶ ፕላስቲክ የተሰቀለበት አይደለም። ግን መዝገቡ ላይ 23:20 ከተጻፈ ቢል የሚሠራው ሰው ምን ያውቃል? እሱ ክፍሉ ውስጥ አልነበረም።

ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ «የመጀመሪያ» የሚለውን ያዙ። 96360፣ 96365 እና 96374 ሦስቱም የመጀመሪያ ኮዶች ናቸው። በአንድ ጉብኝት በአንድ የደም ስር መስመር ከእነዚህ አንዱ ብቻ ነው የሚፈቀደው፣ የኬሞው የመጀመሪያ ኮድም ካለ ከነሱ ጋር ይቆጠራል። ቢላችሁ ላይ 96360ም 96374ም ካለ ጠይቁ። በሁለት ክንድ ሁለት ቦታ መስመር የግድ አስፈልጎ ተከፍቶ ከነበረ፣ ወይም በዚያው ቀን ወጥታችሁ ተመልሳችሁ ከነበረ መልስ ሊኖራቸው ይችላል። አንድ ካኑላ ብቻ ከነበራችሁ ግን እናንተም ታውቁታላችሁ፣ ክንዳችሁ ነው።

ሌላም ለብቻው የማይከፈልበት ነገር አለ። ካኑላውን መስካት፣ ቦታውን ማደንዘዝ፣ ተራው ቱቦና ሲሪንጅ፣ መጨረሻ ላይ መስመሩን በሳላይን ማጠብ፣ እነዚህ ሁሉ በመስጠቱ ክፍያ ውስጥ ናቸው። አንቲባዮቲክ የሚበጠበጥባት ባለ 50 ወይም 100 ሚሊ ሊትር ትንሽ ከረጢት ፈሳሽ መተካት አትባልም፣ መድኃኒቱን የምትሸከም አህያ ናት። የደም ስሩ እንዳይዘጋ ብቻ ቀስ እያለ የሚንጠባጠበውም አይቆጠርም። መድኃኒት በሚሄድበት ሰዓት ጎን ለጎን የሚሄድ ፈሳሽም ለብቻው አይቆጠርም፣ ሰዓቱ የሚጀምረው መድኃኒቱ ካለቀ በኋላ ብቻውን ሲሄድ ነው። እና ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ ሐኪሙ እነዚህን ኮዶች አይጠቀምም። ከኢመርጀንሲ ሁለት ቢል ይመጣል፣ የሆስፒታሉና የሐኪሙ። የመስጠቱ ኮድ ያለው የሆስፒታሉ ላይ ነው። የሐኪሙ ቢል ላይም ካያችሁት ስልክ አንሱ።

ሰው በከንቱ የሚደነግጥበትም አለ። አንድ አንቲባዮቲክ ወስዳችሁ ቢሉ ላይ ቁጥሩ 4 ይላል። «አራት መርፌ? አንድ ነው የወሰድኩት!» የጄ ኮድ የሚቆጥረው መርፌ አይደለም፣ መጠን ነው። ሴፍትሪያክሶን በ250 ሚሊ ግራም ነው የሚቆጠረው፣ አንድ ግራም ከወሰዳችሁ 4 ይሆናል። ዞፍራን በ1 ሚሊ ግራም ይቆጠራል፣ 4 ሚሊ ግራም ያው 4 ነው። ልክ ነው። 40 ካለ ግን ልክ አይደለም፣ አንዲት ዜሮ ወዴት እንደምታደርስ አስቡት።

ከሁሉ የሚያስደነግጠው ደግሞ ኬሞቴራፒ የሚለው ቃል ነው። የመገጣጠሚያ ወይም የአንጀት ብግነት ያለበት ሰው ኢንፍሊክሲማብ፣ በንግድ ስሙ ሬሚኬድ፣ ሁለት ሰዓት ተቀምጦ ይወስዳል። ቢሉ ሲመጣ ኮዱ 96413 ነው፣ ማብራሪያው ላይ ኬሞቴራፒ ይላል። ሰውየው ካንሰር የለበትም። ልጁ ወረቀቱን አንብቦ አባቱ የደበቀው በሽታ ያለ ይመስለዋል፣ ቤት ይሸበራል። ምክንያቱ የኮዱ መጽሐፍ እንዲህ ዓይነት ከባድ ክትትል የሚፈልጉ አንዳንድ ባዮሎጂካል መድኃኒቶችን ከካንሰር መድኃኒቶች ጋር በአንድ ቤት ስለሚያስቀምጥ ነው። ክፍያውም ከተራው መድኃኒት ከፍ ይላል። ቃሉን ትንሽ ሰብአዊ ለማድረግ ማንም አልተጨነቀም፣ ይህ የኔ ቅሬታ ነው።

ስለ መድኃኒት ካነሳን፣ የተጣለም ይከፈልበታል። አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈት ብልቃጥ ውስጥ 100 ሚሊ ግራም ኖሮ እናንተ 80 ብትወስዱ ቀሪው 20 ይጣላል፣ ሜዲኬር፣ ማለትም በዋናነት ለአረጋውያን የሆነው የመንግሥት ኢንሹራንስ፣ ግን ለ20ውም ይከፍላል፣ ጄደብሊው (JW) የሚል ምልክት ተደርጎበት። ከጁላይ 2023 ጀምሮ ምንም ካልተጣለም ጄዚ (JZ) ብሎ መናገር ግዴታ ሆኗል።

ነርስ የሆናችሁ ወገኖች፣ እዚህ ጋ እየሳቃችሁ እንደሆነ ይገባኛል። ይህ ሁሉ ሕንጻ የቆመው እናንተ በምትጽፏቸው ሁለት ሰዓቶች ላይ ነውና፣ የተጀመረበትና የቆመበት። ካልተጻፈ እንዳልተደረገ ነው የሚቆጠረው። ሴፍትሪያክሶን ለ30 ደቂቃ ተንጠባጥቦ የቆመበት ሰዓት ካልተጻፈ፣ ኮደሩ፣ መዝገቡን ወደ ኮድ የሚቀይረው ሰው፣ ከ15 ደቂቃ በላይ ሄዷል ብሎ ማረጋገጥ አይችልም፣ ስለዚህ 96365 የነበረው ወደ 96374 ይወርዳል። ሆስፒታሉ ገንዘብ አጣ። ከዚያ ለነርሶቹ ኢሜይል ይመጣል፣ ስልጠና ይመጣል፣ ኮምፒውተሩ ላይ የቆመበትን ሰዓት ካልሞላሽ አላሳልፍሽም የሚል ሳጥን ይመጣል። አራት በሽተኛ ይዛ አንዱ እየደማ ያለች ሴት የሂሳብ ክፍሉን ሰዓት እንድትጠብቅ ይፈለጋል። ከዚህ በኋላ ቢሉ ሲሳሳት ጥፋቱ የሷ ነው ብዬ አልፈርድም። ግን ስህተቱ እንዴት እንደሚወለድ ይታየኛል፣ ከፈረቃው መጨረሻ ላይ ሁሉንም ሰዓት በአንድ ጊዜ ከትዝታ ስትሞላ ነው። መዝገባችሁ ላይ ሦስት መድኃኒት በአንድ ደቂቃ ከተጀመረ፣ ወይም ሁሉም ልክ በሰዓቱ ከቆመ፣ ጠርጥሩ።

ያው መድኃኒት በሌላ መንገድ ሲሰጥ ኮዱ እንዴት እንደሚቀየር በ2024 መጨረሻ ታየ። በሴፕቴምበር መጨረሻ ሄለን የተባለችው አውሎ ነፋስ ሰሜን ካሮላይና ማሪዮን አካባቢ ያለውን የባክስተርን ፋብሪካ በጎርፍ አጠበችው። ይህ አንድ ፋብሪካ ብቻውን የአሜሪካን የደም ስር ፈሳሽ ስድሳ በመቶ ገደማ ነበር የሚያመርተው። ከረጢት ጠፋ። ሆስፒታሎች ቀዶ ጥገና እስከ ማስተላለፍ ደረሱ፣ ፋርማሲዎች ደግሞ በትንሽ ከረጢት የሚሰጥ አንቲባዮቲክ የሚቻለው ሁሉ በሲሪንጅ በቀጥታ ይገፋ አሉ። በሽተኛው ያው መድኃኒት ያው መጠን አገኘ፣ ኮዱ ግን ከ96365 ወደ 96374 ወረደ፣ ምክንያቱም ከ15 ደቂቃ በታች ነው። መዋጥ ለሚችል ደግሞ በአፉ ጠጣ ተባለ።

በአፍ መጠጣት! ይህን እኛ ከሕፃንነታችን እናውቀዋለን። ኦአርኤስ፣ በአማርኛ ሕይወት አድን ንጥረ ነገር የሚባለው፣ ከጤና ጣቢያ በከረጢት ይመጣል፣ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ይበጠበጣል፣ በማንኪያ ይሰጣል። ከባድ ላልሆነ የውሃ እጥረት በአፍ የሚሰጠው በደም ስር ከሚሰጠው የማይተናነስ መሆኑ ከታወቀ ቆይቷል። ታዲያ አሜሪካ ውስጥ ለምን ቶሎ ክንዳችን ይፈለጋል? ብዙ ጊዜ እውነተኛ ምክንያት አለ፣ የሚያስመልስ ሰው፣ የደም ግፊቱ የወረደ ሰው፣ ራሱን የሳተ ሰው አለ። ግን ነርስ አጠገባችሁ ተቀምጣ በየአምስት ደቂቃው ማንኪያ ብታቀርብላችሁ ያንን የሚቆጥር እንደ 96360 ያለ ኮድ የለም። በአፍ የጠጣችሁት ውሃ ቢሉ ላይ እንዲህ ያለ መስመር የለውም። ሐኪሙ ይህን እያሰላ ነው መርፌ የሚያዘው አልልም። ሥርዓቱ ግን ለየትኛው እጁን እንደሚዘረጋ ግልጽ ነው። እኛም ብንሆን ንጹሕ አይደለንም፣ ውሃ ጠጡ ተብለን ከኢመርጀንሲ ከተመለስን «ምንም ሳያደርጉልኝ ላኩኝ» ብለን የምናማ እኛው ነን።

የት ቁጭ ብላችሁ እንደወሰዳችሁም ዋጋው ይለያያል። ያንኑ የብረት መድኃኒት፣ ያንኑ 96365፣ በሐኪም ቢሮና ሆስፒታል በገዛው ክሊኒክ ብትወስዱት ሁለተኛው በጣም ሊበልጥ ይችላል። ወንበሩ ያው፣ ነርሷም ያችው ልትሆን ትችላለች፣ በሩ ላይ ያለው ስም ብቻ ተቀይሮ። ሜዲኬር ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ ከሆስፒታሉ ግቢ ውጭ ባሉ እንዲህ ዓይነት ክሊኒኮች መድኃኒት ለመስጠት የሚከፍለውን አውርዶ የሆስፒታል ዋጋው 40 በመቶ ገደማ ብቻ እንዲሆን አድርጎታል። ይህ የሜዲኬር ነው፣ የግል ኢንሹራንስ የራሱ ውል አለው። ስለዚህ በቀጠሮ የሚሰጥ ነገር ከሆነ ቀድማችሁ ኢንሹራንሳችሁ ጋ ደውላችሁ «ይህን ኮድ የት ብወስደው ይረክሳል?» ማለት ነውር የለውም። ኢንሹራንስ የሌላችሁ ደግሞ ከቀጠሮው በፊት የዋጋ ግምት በጽሑፍ የማግኘት መብት አላችሁ። ቢሉ ከግምቱ በ400 ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ ቢሉ በወጣ በ120 ቀን ውስጥ መከራከር ይቻላል።

ኢመርጀንሲ ሆኖ ካለፈስ? መጀመሪያ ከኢንሹራንሱ የሚመጣውን «ይህ ቢል አይደለም» የሚል ወረቀት ጠብቁ፣ ሳታዩት አትክፈሉ። ከዚያ ሆስፒታሉን ከነኮዱ ዝርዝር ቢል ጠይቁ፣ መጀመሪያ የሚላከው አንድ ገጽ «ፋርማሲ፣ ኢመርጀንሲ፣ ጠቅላላ» ከማለት በቀር ምንም አይነግራችሁም። ቀጥሎ መድኃኒት የተሰጠበትን መዝገብ ጠይቁ፣ በሕግ በ30 ቀን ውስጥ ሊሰጧችሁ ይገባል፣ ብዙዎቹ በስልካችሁ አፕ ላይም ይገኛል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና ሰዓቱን ቁጠሩ። ሂሳቡ ትክክል ሆኖ መክፈል ካቃታችሁ ሆስፒታሉ ለትርፍ ያልቆመ ከሆነ የገንዘብ ድጋፍ ፖሊሲ ሊኖረው ግድ ነው፣ ለማመልከት ከመጀመሪያው ቢል ጀምሮ 240 ቀን አላችሁ። ለሰብሳቢ ድርጅት ተላልፏል ቢሏችሁም ቀኑ ካላለፈ ይመለከቱታል።

እንግሊዝኛ ያስቸግረኛል የምትሉ፣ ልጃችሁን ከትምህርት ቤት አትጥሩት። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል፣ ማለትም ከሞላ ጎደል ሁሉም፣ በነፃ አስተርጓሚ የማቅረብ ግዴታ አለበት፣ ለቢል ክፍሉም ጭምር። ስልኩን ያነሳችው ልጅ ስትመልስ «አማርኛ» ማለት ብቻ ነው። ያዙኝ ትላለች፣ ሙዚቃ ይከፈታል፣ ሙዚቃው ደግሞ አያልቅም። አትዝጉት። አስተርጓሚው ሲመጣ ሁለት ጥያቄ ጠይቁት፦ በስንት ሰዓት ተጀመረ ይላል፣ በስንት ሰዓት ቆመ ይላል?